እመት አዝራር ሳሎኑን ያዘች

ሰፈሩ «እመት አዝራር» ብሎ የሰየማት በክፋት አይደለም። ከቤቷ ያለ አዝራር የወጣ ሰው ስለሌለ ነው። ወይ ጫማው ሥር ተጣብቆ፣ ወይ ኪሱ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱ ይከተለዋል። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰውዬ አንገትጌው ላይ ሮዝ የሴት አዝራር ተሰክቶበት ቤቱ ገብቶ፣ ሚስቱን እስኪያሳምን መከራውን አይቷል ይባላል።

ሥራዋ ይኸው ነው፤ ለልብስ ሰፊዎች አዝራር፣ ዚፕ፣ ክርና ገበር ታቀርባለች። ልብስ ሰፊው የጨርቁን ቁራጭ ይልክላታል፤ እሷ ከቀለሙ ጋር የሚሄደውን ክር መርጣ፣ አዝራሩን ለይታ፣ በከረጢት አሽጋ ትሰድለታለች። ሲያወሩት ቀላል ነው። ነጭ የሚባለው ቀለም ስንት ዓይነት እንደሆነ የሚያውቀው ግን የሞከረው ብቻ ነው።

ሙያውን የተማረችው በከተማው ትልቅ የክርና የአዝራር መደብር ውስጥ፣ ከባንኮኒ ጀርባ ቆማ ነው። ቆማ ማለት እንግዲህ ቆማ ነው፤ ባለመደብሩ ለሠራተኛ ወንበር አይወድም ነበር። የራሷን ሥራ ልትጀምር መሆኑን ስትነግረው አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ፈገግ ብሎ፣ «የምትቆሚበትን ቦታ ለሌላ አልሰጥም፤ መምጣትሽ አይቀርም» አላት። ያቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ተሰንቅራ ቀረች።

መቼም ሥራ አላጣችም። ያጣችው ቦታ ነው። ቤቱ የአማቷ ነው፤ ኩሽና፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ጠባብ ኮሪደርና አንድ ሳሎን። መጀመሪያ የኩሽናውን ጠረጴዛ ያዘች። ምግብ በቀረበ ቁጥር ሣጥኖቹን ታነሳለች፣ ሲበላ ትቆያለች፣ ደግሞ ትዘረጋለች። አንድ ቀን ባሏ ሾርባውን እየጠጣ ቆም አለና ከአፉ አንድ ነገር አውጥቶ በብርሃን አየው። «ይሄ ባለ ሁለት ቀዳዳ ነው ያዘዙሽ ወይስ ባለ አራት?» ብሎ ጠየቃት። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀልዱን የሚያወጣው ፊቱን ሳያጥፍ ነው።

ከዚያ መኝታ ቤት ገባች። አልጋው ላይ በቀለም በቀለም ደርድራ ስታበቃ፣ ነጂው ከሥራ ደክሞት መጥቶ ሳያይ ተዘረረበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ሳትቸኩልም አፍሳ ለቀመች። በመጨረሻ ኮሪደሩ ላይ አንዲት ቀጭን ጠረጴዛ ገፍታ፣ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ አስመታች፤ ስልኩን አስጠግታ፣ ከራሷ በላይ አምፖል አንጠልጥላ ተቀመጠች። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ እንደ ሸርጣን በጎኑ መሄድ ነበረበት። መስኮት የሚባል ነገር የለውም። ከኩሽና ወደ መኝታ፣ ከመኝታ ወደ ኮሪደር፤ አልሸሹም ዞር አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሳሎኑ ባዶውን ተቀምጧል።

ሳሎኑ የእንግዳ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ሶፋ ከነሁለት ባለ አንድ መቀመጫዎቹ ወፍራም ፕላስቲክ ለብሶ፣ በፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ዳንቴል ደርቦ ይጠብቃል። ግድግዳውን ሙሉ የያዘው ባለ መስታወት ቡፌ ውስጥ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ ብርጭቆዎች ቆመዋል። መስኮቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ወፍራም መጋረጃ ተጋርዷል። ክፉኛ የሚያሳዝነው፣ እንግዳ የሚባለው ፍጥረት ወደዚያ ቤት አይመጣም። የሚመጣው ሁሉ ቤተኛ ነው፤ ቤተኛ ደግሞ ኩሽና ነው የሚቀመጠው። በመጨረሻ ሳሎን የገባው እንግዳ አድራሻ ተሳስቶ የመጣ ሰው ነበር ይላል ባሏ።

እመት አዝራር ልብስ ለማስጣት ወደ ጓሮ በወጣች ቁጥር ያንን የሳሎን መስኮት ከውጭ ታየው ነበር። ፀሐይዋ ፊት ለፊት አትመታውም፤ ብርሃኑ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እንደ ወተት የጠራ ነው። ቀለም ለሚያመሳስል ሰው ከዚህ የበለጠ መስኮት አይሠራም። ብታየው ብታየው ልቧ አልቻለም፤ አንድ ቀን አማቷን ጠየቀቻቸው።

«እማማ፣ ሳሎኑ ውስጥ መስኮቱ ሥር ትንሽ ቦታ ቢሰጡኝ? ሶፋውን አልነካም።»

«እንግዳ ቢመጣስ?» አሉ አማቲቱ።

«ሲመጣ አነሳለሁ።»

«መጋረጃውንስ? መክፈትሽ አይደል? እሱማ አይሆንም ልጄ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ይህ መጋረጃ እንዳይከፈት፤ ፀሐይ ጨርቁን ትበላዋለች› ብሎኛል። ፕላስቲኩንም በእጁ ያለበሰው እሱ ነው። የሙት ቃል አላጥፍም።»

ፀሐይ እንደማይመታው ልታስረዳ ሞከረች። አማቲቱ ግን አንዴ ሙት ከተጠራ ክርክር የሚሰሙ ሴት አይደሉም። ወደ ባሏ ብታይ፣ እሱ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ሲያስር ነበር። ስለዚያ መጋረጃ ወሬ ሲነሳ ማሰሪያው ሁልጊዜ ይፈታል።

የፈሩት ይደርሳል፤ ደረሰ። ከደንበኞቿ ሁሉ ትልቋ የአንዲት ስፌት ቤት ባለቤት ነበረች፤ የሆቴልና የመሥሪያ ቤት የደንብ ልብስ የምታሰፋ፣ ሥራዋም ቃሏም ጠንካራ የሆነች ሴትዮ። ይህች ሴትዮ ለሆቴል አስተናጋጆች ጥቁር ኮት የሚሰፋበት ጥቁር ክር አዘዘች። እመት አዝራር ኮሪደሩ ላይ፣ በዚያ ቢጫ አምፖል ሥር፣ ክሩን ከጨርቁ ጋር አስተያይታ መርጣ ላከች። ኮቶቹ ተሰፉ፣ ተተኮሱ፣ ሄዱ። ቤት ውስጥ ሁሉም አማረ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ግን አስተናጋጆቹን ደጅ አሰልፎ ፎቶ ሊያስነሳ ቢያወጣቸው፣ ስፌታቸው ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ አለ።

ስልኩ ሲጮህ እመት አዝራር ገና አንስታ «ሃሎ» ሳትል፣ «እህቴ፣ ጥቁር ነው ያልኩሽ» አለች ሴትዮዋ።

ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማች። ምክንያት አልደረደረችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ኮቶቹን ይላኩልኝ፣ ስፌቱን እኔ እፈታዋለሁ፣ ክሩንም እተካለሁ» አለች።

«ክሩን ተኪ፤ መፍታቱን የኔ ልጆች ያውቁበታል። ስሚኝ፣ ሆቴሉ የሠራተኛውን ሁሉ ልብስ ሊቀይር ነው። ከክር እስከ አዝራር ለአንድ ሰው መስጠት ነው የምፈልገው። ላንቺ ልሰጥሽ አስቤ ነበር። አሁን ግን የምትሠሪበትን ቦታ በዓይኔ ሳላይ አልሰጥም። ሐሙስ እመጣለሁ። ካልሆነ ለትልቁ መደብር እሰጠዋለሁ።»

ትልቁ መደብር! የዓሣ አጥንቷ ጉሮሮዋን ወጋቻት። ይህ ሥራ ካመለጣት ሌሎቹ ጥቃቅን ትእዛዞች እንደማያቆሟት ታውቃለች። ትመለሳለች። ሰውየው ፈገግ ይላል፤ እሷም ያችው ባንኮኒ ጀርባ፣ ያችው ቦታ ላይ ትቆማለች። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ባሏም በጎኑ እንኳ ማለፍ ስላቃተው እዚያው ቆሞ ትከሻዋን ያዘ።

«ሐሙስ እንግዳ ይመጣል» አለ ማታ ለእናቱ፣ የሚለው ቢጠፋው።

አማቲቱ ቀና አሉ። «እንግዳ? የእውነት እንግዳ?»

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው። ሳሎኑ ተጠረገ፣ ታጠበ፣ ተወለወለ። ብርጭቆዎቹ አንድ በአንድ ወጥተው ታጥበው ተመለሱ። ሐሙስ ጠዋትም ዳንቴሉን አነሱ፤ ፕላስቲኩን እንኳ ገፈፉ። ይህ ክብር ለማንም ተሰጥቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ግን መጋረጃው እንደተጋረደ፣ በአምፖል ብርሃን ነበር።

ሴትዮዋ በሰዓቷ መጣች። ኮሪደሩን በጎኗ እያለፈች መደርደሪያዎቹን አየች፤ በየሣጥኑ ፊት ላይ የተሰፋውን አንዳንድ አዝራር በጣቷ ነካች። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ፊቱ ላይ ያለው አዝራር ራሱ ይናገራል፤ ጽሑፍ አያስፈልገውም። «ይሄ ጉብዝና ነው» አለች። ቀና ብላ አምፖሉን ስታይ ግን ፊቷን አጨፈገገች። እመት አዝራር ያንን በደንብ አየችው።

«ይግቡ፣ ይግቡ ወደ ሳሎን!» እያሉ አማቲቱ ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ባለ አንድ መቀመጫ ላይ አስቀመጧት። ሴትዮዋም ወሬ አላበዛችም፤ ከቦርሳዋ ሁለት የክር ቁራጮች አውጥታ እመት አዝራር መዳፍ ላይ አኖረች።

«የትኛው ነው ጥቁሩ?»

እመት አዝራር አየች። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። አስጠግታ አየች፤ ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ግምት ብትወረውር ግማሽ ዕድል አለኝ ብላ አሰበች፤ ምላሷ ላይም ደርሶ ነበር። ወዲያው ደግሞ ቦግ ያሉት አስተናጋጆች ታወሷት።

«እዚህ ሆኜ አልመልስልዎትም» አለች።

«ለምን?»

«ባለፈው ያጠፋሁት እንዲህ ባለ ብርሃን ስለመለስኩ ነው። አሁንም ከመለስኩ ጥፋቱ የአምፖሉ ሳይሆን የኔ ነው።» ወደ አማቷ ዞረች። «እማማ፣ መጋረጃውን ልከፍተው ነው።»

ይህ ጥያቄ አልነበረም። አማቲቱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ እንግዳዋ አዩ፤ መልሰው ዘጉት። በእንግዳ ፊት መጣላት ነውር ነው ብለው ስንቱን የመከሩ ሴት፣ በገዛ ሕጋቸው ተያዙ። ባልየው በኩሽናው በር በኩል ብቅ ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ወደ መስኮቱ ስትሄድ ሲያይ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታ።

የመጋረጃው ቀለበቶች ዝገው ነበርና አልሄድ አሉ። በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። አቧራው ተነሳ፣ ብረቱ ሲጥ አለ፣ ብርሃኑ ክፍሉን ሞላው። ያ ሁልጊዜ ከደጅ ስትመኘው የኖረችው የጠራ ብርሃን መዳፏ ላይ መጥቶ አረፈ። እመት አዝራር ክሮቹን አየችና ሳቀች።

«ጥቁር የለም!»

«እንዴት?» አለች ሴትዮዋ።

«ይሄ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ይሄኛው ደግሞ የከሰለ ቡናማ። ጥቁር ክር አልሰጡኝም እትዬ!»

የሴትዮዋ ፊት ተፈታ። «ከዚህ በፊት እነዚህኑ ክሮች ይዤ ትልቁ መደብር ሄጄ ነበር» አለች። «ባለቤቱ ከተቀመጠበት እንኳ ሳይነሳ፣ አንዱን አንስቶ ‹ይሄ ነው› አለኝ። ብርሃን ልፈልግ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ሥራው ያንቺ ነው።»

እመት አዝራር አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ጮቤ ልትረግጥ ምንም አልቀራት። ግን አልደረሰችበትም፤ ከኋላዋ አማቲቱ «ኡ!» ብለው ጮኹ።

ሁሉም ዞሩ። አማቲቱ ጣታቸውን ወደ እንግዳዋ ቀስረው ቆመዋል። እንግዳዋ ደንግጣ ልብሷን አየች። ጣቱ ግን የሚያሳየው ወንበሩን ነበር። ሶፋው ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የዚያ ማዶው መቀመጫም ጥቁር አረንጓዴ ነው። እንግዳዋ የተቀመጠችበት ግን ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር።

«ይሄ... ይሄ የኔ ወንበር አይደለም!» አሉ አማቲቱ።

ሴትዮዋ ተነስታ ጎንበስ አለች። ሙያዋ ነውና እጇን በስፌቱ ላይ አስኬደችው። «እናቴ፣ ወንበሩስ የእርስዎ ነው። ጨርቁ ግን እንደገና የለበሰ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ ነው ይሄ።» ከዚያ መደገፊያውን ጫን ጫን አደረገችና አንድ ቦታ ላይ ጣቷ ስርጉድ አለ። «ከሥር ስፖንጁ ተቦርቡሯል። የተቃጠለ ነው የሚመስለው።»

«ተቃጥሎ!» አማቲቱ ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅየው አሁን ሁለቱንም ጫማ ፈትቶ ጨርሷል፤ የሚፈታው ማሰሪያ የለም።

«እማዬ... እኔ እኮ ጋሪውን መግፋት ብቻ ነው የሠራሁት» አለ።

ወጣ ነገሩ። እናትየው እህታቸውን ሊጠይቁ ሄደው በነበረ ጊዜ፣ አባትየው «ሲጋራ አቁሜያለሁ» ብለው በማሉበት አፋቸው ሲያጨሱ፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ወንበሩን አቃጠሉት። አባትና ልጅ በጋሪ ጭነው ወስደው አለበሱት፤ ጨርቁን የመረጡት በአምፖል ብርሃን ነበርና ቤት ሲመጣ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ምን ያድርጉ? መጋረጃ ሰቀሉ፣ ፕላስቲክ አለበሱ፣ ፀሐይን ወነጀሉ፣ ልጃቸውንም አስማሉት።

«ለካ ፀሐይን የፈራው ለሶፋው አልነበረም!» አሉ አማቲቱ። ፊታቸው ሊያለቅሱ ነው ሊስቁ ነው ሳይለይ ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከጣሪያ በላይ ሳቁ። ዓይናቸውን እየጠረጉ ሰማያዊው ወንበር ላይ ዘፍ አሉና መደገፊያውን በጥፊ መቱት። «አንተ ውሸታም! ይሄን ሁሉ ዘመን ጨለማ ውስጥ ሸፍነህብኝ! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ይኸው ጠራ!»

«አንተስ?» አለች እመት አዝራር ባሏን። «እኔ ኮሪደር ላይ በአምፖል ስታወር፣ አንተ እያወቅክ?»

«መሐላ ነበረብኝ» አለ በቀጭን ድምፅ።

«መሐላህን ጠብቀሃል፤ ጎሽ። አሁን መዶሻህን አምጣ።»

የተፈረደበት ይህ ነበር፤ ሥራ የሌለበትን ቀን ሁሉ አናጢ ሆኖ ዋለ። የሳሎኑ ጠረጴዛ ለሥራ ዝቅ ያለ፣ ወገብ የሚሰብር ስለነበር ረጃጅም እግር ገጠመለት። መስኮቱ ሥር አስጠጋው፤ ብርሃኑ ከግራዋ እንዲመጣ፣ የእጇ ጥላ ክሩ ላይ እንዳይወድቅ። ስልኩን ሳትነሳ በምትደርስበት ቦታ ሰቀለው። ብርጭቆዎቹ ወደ ኩሽና ተሰደዱ፤ ዛሬ ቤተኛው ሁሉ ይጠጣባቸዋል። ቡፌው ውስጥ አዝራሮቹ ገቡ፤ ከነጭ እስከ ጥቁር፣ በየሣጥኑ ፊት የራሱ አዝራር ተሰፍቶ፣ በመስታወቱ በኩል ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሳሎኑ በር ሲዘጋ ሥራ ላይ ነች ማለት ነው፤ ሲከፈት አብቅታለች ማለት ነው። ሾርባ ውስጥ አዝራር ከዚያ ወዲህ አልተገኘም። ባሏ ናፈቀኝ ይላል።

አማቲቱም ሹመታቸውን ራሳቸው ወሰዱ። ልብስ ሰፊ ይመጣል፣ ተላላኪ ይመጣል፣ ገዢ ይመጣል፤ እንግዳ በእንግዳ ሆነ ቤቱ። እሳቸው ሰማያዊው ወንበር አጠገብ ሆነው ይቀበላሉ፣ ያስቀምጣሉ፣ የወንበሩን ታሪክ ለሁሉም ያወራሉ። ሲያወሩት አንዴም አላሳጠሩትም። ባልየው አንድ ከሰዓት ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ብርሃኑ ዓይኑን ቢወጋው፣ እጁን ወደ መጋረጃው ሰደደ። እናቱ ከኩሽና እየሮጡ መጡ።

«ተው! ቀለሙ ይሳሳትብናል! ያባትህ አይበቃም?»

የሆቴሉ ልብስ አልቆ፣ ሠራተኞቹ በጠራራ ፀሐይ ፎቶ ተነስተው፣ አንድም ሰማያዊ ክር ሳይታይ ከቀረ በኋላ፣ በሩ ተንኳኳ። አማቲቱ ከፈቱ። በር ላይ የቆመው ባለመደብሩ ነበር፣ በእጁ ትንሽ የጨርቅ ቁራጭ ይዞ።

ገብቶ መሃል ላይ ቆመ። መስኮቱን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ፣ ቡፌው ውስጥ የተደረደሩትን ቀለሞች ብዙ አየ። ፈገግታው የለም። «አንድ ደንበኛ ቀለም አልገጠመልኝም ብሎ ሦስቴ መለሰብኝ» አለ። «መደብሬ ውስጥ እንዳንቺ የሚለይ ሰው አጣሁ። ብታይልኝ ብዬ ነው።»

እመት አዝራር ቁራጩን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። ያኔ የተናገራት ቃል ትዝ አላት፤ ምራቋን ብትውጥ ግን ጉሮሮዋን ምንም አልወጋትም። ሰውየው ከአንድ እግሩ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ቆሟል።

ሰማያዊውን ወንበር በእጇ አሳየችው።

«ይቀመጡ» አለችው። «እዚህ ቤት ማንንም አቁመን አናሠራም።»